አንድ ሜትር ተኩል ካብ

ከድንጋይ ሸሽቼ ነው ደቡብ አፍሪካ የገባሁት። ኮንሶ ተወልዶ ካብ ሳይክብ ያደገ ወንድ የለም። ተራራው ሁሉ እርከን ነው፤ እርከኑን የሚይዘው ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበ ካብ ነው፤ ካቡ ደግሞ ዝናብ በመጣ ቁጥር አንድ ቦታ ይናዳል። አባቴ ኩሲያ ባካባቢው ስሙ የሚጠራ ካቢ ነበር። እኔም ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አጠገቡ ቆሜ ድንጋይ ሳቀብል፣ በኋላም ራሴ ስክብ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ጥፍሬ ሁለቴ ወልቋል፣ ወገቤ ሄዷል። አንድ ቀን ጠዋት በቃኝ ብዬ ተነሳሁ። ይኸው ሃያ አራት ዓመት ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ይዤ ዳቦ፣ ስኳርና የስልክ ካርድ እሸጣለሁ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ድንጋይ የነካሁት የሱቁን በር ነፋስ እንዳይዘጋው ለመደገፍ ብቻ ነው።

ታዲያ አንድያ ልጄ ፍሬገነት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ምን ልማር ብትለኝ ጥሩ ነው? አርኪዮሎጂ።

"ምንድነው እሱ?" አልኳት።

"የድሮ ሰዎች የሠሩትን እያየን እንዴት እንደኖሩ ማወቅ ነው።"

"የሠሩትን ምን?"

"በብዛት ድንጋይ ነው፣ አባዬ።"

ደሜ ፈላ። ነጥቧ ለፋርማሲ ይበቃት ነበር። "ድንጋይ ለማየት ዩኒቨርሲቲ አይኬድም፣ ደጅ መውጣት ይበቃል" አልኳት። ሌላም ብዙ ብያታለሁ፤ ያን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። ካቢ እንደነበርኩ ግን አልነገርኳትም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አገር ቤት ነጋዴ ነበርኩ ነው የምላት። ለምን ዋሸህ ብትሉኝ መልሱ አጭር ነው፤ የነጋዴ ልጅ ሆና እንድታድግ ፈልጌ ነው። እሷም አኮረፈች፣ እኔም አኮረፍኩ፣ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ትምህርቷ ሳናወራ አንድ ቤት ኖርን።

ሚስቴ ኤርጎጌ እውነቱን ታውቃለች። እሷ የሀዲያ ሰው ናት። ቤት ውስጥ የሁለታችንም ያልሆነውን አማርኛ እናወራለን፤ ስንጣላ ግን እሷ በሀዲይኛ፣ እኔ በኮንሶኛ ነው። አንዳችን የሌላውን ስለማንሰማ ቶሎ እንታረቃለን። "ማናሴ፣ ለልጅቷ ንገራት፤ ድንጋይ መውደዷ ከሰማይ የወረደ አይደለም" ትለኝ ነበር። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ባለፈው ሴፕቴምበር ፍሬገነት ራሷ ቀረበችኝ። ሃያ አራተኛው ቀን እዚህ አገር ሄሪቴጅ ዴይ፣ የቅርስ ቀን፣ ይባላል፤ ሰው የየባህሉን ልብስ ለብሶ፣ ደጅ ደጁ ላይ ሥጋ እየጠበሰ ይውላል። ሱቅ ብዙም አይሸጥም። "በዛን ቀን የምሠራበትን ቦታ ላሳያችሁ" አለችን። "ተራራው ቅርብ ነው፣ በፒክአፕ መኪናችን ግማሽ ሰዓት ነው። ሐሙስ አስተማሪዬ ሊያዩት ይመጣሉ። ከሳቸው በፊት እናንተ እንድታዩት ፈልጌ ነው።" ከሳቸው በፊት የሚለው አንጀቴን በላው። ማክሰኞ ጠዋት ሱቁን ዘጋሁ።

ቦታው ጥበቃ ያለበት ክልል ነው። በሩ ላይ ያሉት ሽማግሌ ሰላምታ ሰጥተውን ስማችንን መዝግበው አስገቡን። ሳሩ በብርዱ ወራት ተቃጥሏል፤ ኮረብታው ጥቁር ነው፣ በሄድን ቁጥር አመዱ ጫማችን ላይ ይወጣል። ፍሬገነት ይህ ለሥራዋ ጥሩ ጊዜ እንደሆነ ነገረችን፤ ሳሩ ሲያድግ ድንጋዮቹ አይታዩም። ግማሽ መንገድ ላይ ኤርጎጌ ጉልበቴ ብላ አንድ ዛፍ ሥር ቁጭ አለች። እኔና ልጄ ቀጠልን። ሳናወራ ነው የወጣነው። ጫፍ ላይ ስንደርስ ቀና ብዬ አየሁና ክው አልኩ።

ካብ ነበር። አንድ ሁለት አይደለም፤ ኮረብታውን ሞልቶታል። ክብ ክብ ሆኖ፣ አንዱ ከሌላው ተያይዞ፣ አንዳንዱ እስከ ደረቴ የሚደርስ፣ አንዳንዱ ተንዶ ክምር የሆነ። ጭቃ የለውም፣ ሲሚንቶ የለውም። ከልጄ ደብቄ የተውኩት ነገር፣ አምስት ሺህ ኪሎሜትር ርቄ ብመጣም ኮረብታ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

"ማነው የሠራው?" አልኳት።

"የሶቶና የትስዋና ሰዎች አያቶች። ብዙ መቶ ዓመት ይሆነዋል። ከብት ነበራቸው፣ ማሽላ ያርሱ ነበር። ስለያንዳንዱ ቤት ግን ገና አናውቅም።" ፊቷ በራ፤ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። "አንድ ነገር አሳያችኋለሁ፣ እማዬም ስትኖር ነው የማሳያችሁ። ወርጄ ደግፌ ላምጣት። እስከዚያ ምንም ነገር እንዳትነካ፣ እሺ አባዬ?"

"ምን እነካለሁ" አልኳት፤ እሷም ወረደች።

ብቻዬን ቀረሁ። በመጀመሪያ እጄን ኪሴ ከትቼ ዞርኩ። እውነቴን ነው፣ ማየት ብቻ ነበር የፈለግሁት። ካቡ ሁለት ፊት አለው፤ የውጭና የውስጥ፣ መሃሉ በጠጠር የተሞላ። እኛም እንዲህ ነው የምንክበው። ማን አስተማራቸው? ከኛ ነው የሄደው፣ ከነሱ ነው የመጣው ወይስ ድንጋይ ራሱ ሁሉንም ሰው አንድ ዓይነት ነገር ያስተምራል? ጎንበስ ብዬ ውታፎቹን አየሁ። ውታፍ የምንለው ትልልቆቹ ድንጋዮች እንዳይነቃነቁ በየክፍተቱ የሚገባውን ትንሽ ድንጋይ ነው። አንዱ ካብ ላይ ያሉት ውታፎች በሙሉ ከግራ በኩል ተገፍተው የገቡ ናቸው። ግራኝ ነው አልኩ በልቤ። ይህን የካበው ሰውዬ ግራኝ ነው። ማንም የማያውቀውን ሰው እጅ ያወቅሁ መሰለኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ የተናደውን አየሁት። በትልቁ ክብ አንድ ጎን፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ቦታ ክፍት ነው፤ ድንጋዮቹ እግሩ ሥር ተበትነዋል። እጄን በላኝ። በኛ አገር የተናደ ካብ አይቶ ማለፍ ነውር ነው። ካቡ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ መንገደኛ ነኝ፣ ቸኩያለሁ አይባልም። ቢያንስ አንድ ድንጋይ አንስተህ ቦታው ታስቀምጣለህ። አባቴ ለቅሶ ሲሄድ እንኳ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጥሎ ያደርገው ነበር። ልጄ አትንካ ያለችው ትዝ አላለኝም ማለት አልችልም፤ ትዝ ብሎኛል። ግን መንካት ማለት መውሰድ መሰለኝ። እኔ ምኑን ወሰድኩ? አንድ ድንጋይ አንስቼ አስቀመጥኩ።

አንዱ ሌላውን ጠራው። አባቴ አንድ ሕግ ነበረው፤ ያነሳኸውን ድንጋይ መልሰህ መሬት አታስቀምጥም። መጀመሪያ ክፍተቱን ታያለህ፣ ከዚያ የተበተኑትን ድንጋዮች ታያለህ፣ የሚገጥመውን በዓይንህ ካገኘህ በኋላ ብቻ ነው እጅህን የምትሰድደው። ሃያ አራት ዓመት ያልሠራ እጅ ይረሳል ብዬ ነበር፤ አልረሳም። እግሩ ላይ መሠረት አልነበረም። መሠረቱ የት ሄደ ብዬ ለአፍታ ቆምኩ፤ ደግሞ ምን አገባኝ አልኩና አንድ ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ አየሁ። በፊቱ ተደፍቶ አመድ ሸፍኖታል። ሁለቱን የካብ ፊት አንድ ላይ ለመያዝ እንዲህ ያለ ድንጋይ አይገኝም፤ እኛ ያዥ እንለዋለን። ሳነሳው ጣቶቼ ሥር ሸካራ ሸካራ ነገር ተሰማኝ፤ ድንጋይ አይደል፣ ይሻክራል። ከታች አጋደምኩት። አንድ ጥጉ ትንሽ ወጣብኝና በሌላ ድንጋይ ሁለቴ መታ አድርጌ ጠረብኩት። ፍንካቹ ዘሎ ወደቀ። እሱንም አንስቼ በኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወተፍኩበት።

አርባ ሦስት ድንጋይ። ጃኬቴን አውልቄ ነበር። ዓለምን ረስቼ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የማውቅበትን ቀን ማስታወስ አልቻልኩም። የመጨረሻውን ውታፍ ገፍቼ ቀና ስል ኤርጎጌና ፍሬገነት ቆመው አየኋቸው።

ኤርጎጌ መጀመሪያ ካቡን፣ ከዚያ እኔን አየች። "ጌታ ሆይ፣ ማናሴ" አለች ቀስ ብላ።

ፍሬገነት ሮጣ መጣችና መሬቱ ላይ ተንበርክካ መፈለግ ጀመረች። አመዱን በእጇ ትዳብሳለች። "እዚህ ጋ የነበረው የታለ?"

"የትኛው?"

"ረጅም፣ ጠፍጣፋ። በፊቱ የተደፋ። አባዬ፣ እዚህ ጋ ነበር።"

በጣቴ የካቡን እግር አሳየኋት።

ከዚያ ነገረችን። ያ ድንጋይ ፊቱ ላይ የተቀረጸ ነገር አለበት። እሷ ናት ያገኘችው፣ በጁን ወር። ክቦች ናቸው፣ በመስመር የተያያዙ። የዚህ መንደር ካርታ ነው ብላ ታስባለች። አንድ ነገር ከነበረበት ቦታ ከተነሳ ግማሽ ዋጋው ይጠፋል ስለተባለች፣ ፎቶ አንስታው እንደነበረ በፊቱ ደፍታ ትታዋለች። ሐሙስ አስተማሪዋ ዶክተር ዲኔዎ የሚመጡት እሱን ሊያዩ ነው። አይተው ካመኑበት ለሁለተኛ ዲግሪ ሊወስዷት ነው፤ ካላመኑበት ግን አራት ዓመት የለፋችበት እዚሁ ያበቃል። ዛሬ ልታሳየን ያመጣችን ያንን ነበር።

"እኔ ምን አውቄ..." አልኩ።

"አትንካ አላልኩህም?"

ጥፋተኛ ሲሆን አፉ የሚከፈት ሰው አለ፤ እኔ እንደዚያ ነኝ። "አሁኑኑ ላፍርሰው፣ ምን ችግር አለ፣ አሥር ደቂቃ ነው" አልኳት።

"ፕሊስ አባዬ፣ አንድም ነገር እንዳትነካ። ይሄ በሕግ ያስቀጣል፣ ገባህ? የአሳይለም፣ የጥገኝነት ወረቀት ይዘህ ነው እዚህ የቆምከው።" ስልኳን አውጥታ ራቅ ብላ ለአስተማሪዋ ደወለች። ልትደብቅልኝ ትችል ነበር፤ አልደበቀችም። አንዳችም ሳታስቀር አባቴ ነው ብላ ነገረቻቸው። ዶክተሯ ሐሙስ እስኪመጡ ማንም ድንጋይ እንዳይነካ አዘዙ።

አንድ ነገር ግን እኔ ብቻ ነበር የማውቀው። መትቼዋለሁ። ፍንካች ወጥቶለታል። በየትኛው በኩል፣ የተቀረጸው ላይ ይሁን አይሁን አላየሁም። ልጄ መኪና ውስጥ "ብቻ ካልተሰበረ" ስትል ሰማኋትና ምላሴን ነከስኩ።

ረቡዕ ሱቅ ከፈትኩ። ለአንዷ ደንበኛ ስኳር ብትለኝ ጨው ሰጠኋት። ፍሬገነት ሰላምታ እንኳን ሳትሰጠኝ ወጣች። ኤርጎጌ ከመደርደሪያው ጀርባ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"የደበቅከው ነገር አለ" አለችኝ።

"ከየት አመጣሽው?"

"ሃያ ሦስት ዓመት አብሬህ ኖሬ? ስትዋሽ ዕቃ ታስተካክላለህ። ሳሙናውን ዛሬ አራቴ ነው የደረደርከው።"

ነገርኳት። "የድሮ ስብራት ነው ብለው ያልፉት ይሆናል" አልኩ ራሴን ለማጽናናት።

"ይሆናል" አለች። "አንድ ጊዜ ነጋዴ ነበርኩ ብለሃታል፤ አንድ ጨምርበት።" ይህን ብላኝ ዳቦ ለመቀበል ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት አራታችን ኮረብታው ላይ ነበርን። ዶክተር ዲኔዎ ቀጭን፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ ሴት ናቸው። እጄን ሲጨብጡኝ መዳፌን ገልብጠው አዩት። ከዚያ ትልቁን ክብ ቀስ ብለው ዞሩና ተመልሰው መጡ። "የትኛው ነው አዲሱ?" አሉ።

ፍሬገነት አሳየቻቸው። ጎንበስ ብለው አዩ፣ ቀና ብለው ሌላውን አዩ፣ ደግመው ጎንበስ አሉ። ልዩነቱን አላወቁትም። ልዋሽ አልችልም፣ በዛች ደቂቃ ሆዴ ውስጥ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ በራሴ አፈርኩ።

"እንግዲህ እንጀምር" አሉና ጓንት አደረጉ። "ድንጋዩ ደህና ከሆነ መነጋገር እንችላለን። ደህና ካልሆነ..." ልጄን አዩ።

እጃቸው የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ሳያርፍ "የምናገረው አለኝ" አልኩ፣ በሱቅ እንግሊዝኛዬ። "መትቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ፣ ጥጉ ላይ። ተሰብሯል።"

ፍሬገነት ዓይኗን ጨፈነች። ያን ፊቷን ማየት ከማንኛውም ቅጣት በላይ ነበር። ኤርጎጌ መጥታ እጇን ያዘችላት።

"ስባሪው የት ነው?" አሉ ዶክተሯ።

"ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከግራ ሁለተኛው ድንጋይ ሥር ተወትፏል።"

"እንዴት እርግጠኛ ሆንክ?"

"እኔ ነኛ ያስገባሁት። በኛ ሥራ የሚጣል ድንጋይ የለም።"

ፍሬገነት ዓይኗን ገለጠች። "በኛ ሥራ?" አለችኝ በአማርኛ። "አባዬ፣ አንተ ነጋዴ አልነበርክም እንዴ?"

ተያዝኩ። "አልነበርኩም" አልኳት። "ካቢ ነበርኩ። አያትሽም ካቢ ነበር። ካብ ሲናድ የሚጠሩት እሱን ነበር። እኔ ጠላሁትና መጣሁ፤ አንቺ እንዳታውቂው ብዬ ዋሸሁሽ። ማክሰኞ ግን እንዳልጠላሁት አወቅሁ። ጥፋቴም የመጣው ከዚያ ነው።"

የተናገርኩትን ለዶክተሯ ተረጎመችላቸው። እሳቸው ጓንታቸውን አወለቁና ሰጡኝ። "እንግዲያው አንተ አፍርሰው" አሉኝ። "እያንዳንዱ ድንጋይ ግን ከየት እንዳነሳኸው ወደዚያው ይመለስ። ትችላለህ?"

"ከሁለት ሦስቱ በቀር" አልኩ።

ከላይ ጀመርኩ፣ የካብኩበትን ቅደም ተከተል ገልብጬ። ፍሬገነት በጁን ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ከፍታ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። አንዱን አስቀምጬ "እዚህ ነበር፣ በዚህ ጎኑ" እላለሁ፤ እሷ ፎቶዋን ታያለች። መጀመሪያ ዝም ብላ ራሷን ብቻ ትነቀንቅ ነበር። አሥረኛው ላይ "እንዴት አስታወስከው?" አለችኝ። "ከማንሳቴ በፊት ስለማየው ነው፤ አባቴ እንደዛ ነው ያስተማረኝ" አልኳት። አሥራ አምስተኛው ላይ "ይሄኛው ስንዝር ወደ ግራ ነው" አለች። "አይደለም" አልኩ። ፎቶውን አተልቃ አየችና "ልክ ነህ" አለች። ከዚያ በኋላ ጥያቄዋ አላቆመም። ውታፉ ለምን ከጎን ይገባል? ፊቱን እንዴት ትመርጣለህ? ስለ ግራኙ ሰውዬ ነገርኳት። ዶክተሯ ተነስተው ሄደው የዚያን ካብ ክፍተቶች በባትሪ እያበሩ አዩና ረጅም ነገር ጻፉ። አርባዎቹ ቦታቸው ገቡ። ሁለቱን ማስታወስ አቃተኝ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ፍንካቹ ካልኩት ቦታ ተገኘ። ፍሬገነት በመሀረብ ያዘችው። መጨረሻ ላይ ያዡ ብቻ ቀረ። ሁለታችን ወዲህና ወዲያ ይዘን በቀስታ ገለበጥነው።

አራት ክብ ነበር፤ ሦስት ትንንሽና አንድ ትልቅ፣ በመስመር የተያያዙ። ምን ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል፣ በድንጋይ ድንጋይ መፋቅ። ጣቴ ሥር የተሰማኝ እሱ ነበር። የሰበርኩት ጥግ የትልቁን ክብ ጠርዝ ይዞ ወጥቷል፤ ስብራቱ እንደ ወተት ነጭ ነው፣ የድሮ ነው ቢባል ሕፃን አያምንም። ፍሬገነት ፍንካቹን አስጠግታ ገጠመችው። ገጠመ። መስመሩም ቀጠለና፣ ጥጉ ጋ ሲደርስ ተቋረጠ። ክቡ አይዘጋም፤ ክፍተት አለው። የዚያ ክፍተት አንዱ ጫፍ ያለው እኔ የፈነከትኩት ስባሪ ላይ ነበር።

ክፍተቱን አየሁ። ቀና ብዬ ያፈረስኩትን ቦታ አየሁ። መሠረት የሌለውን።

"ይሄ የተናደ ካብ አይደለም" አልኩ።

"ምን ማለት ነው?" አለች ልጄ።

"ካብ ከተናደ መሠረቱ ይቀራል። እዚህ መሠረት የለም፤ ማክሰኞ አይቼዋለሁ፣ ደስ ስላለኝ ዘለልኩት። የሁለቱን ጎን ጫፍ እዪው፣ ትልልቅ ድንጋዮች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ድንጋዩ ከላያቸው ነው የወደቀው። በር ነው። የሰው በር ነው የዘጋሁት።"

ዶክተሯ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፍሬገነት ተነስታ በበሩ መሃል ቆመች፣ ድንጋዩን አየች፣ ወደ ውጭ ዞራ ሦስቱን ትንንሽ የካብ ክቦች አንድ በአንድ በጣቷ ቆጠረች። ካርታውን በየት በኩል አዙራ መያዝ እንዳለባት እስከዚያች ቀን አታውቅም ነበር፤ በሩ ነገራት። ከዚያ አመዱ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አጠገቧ ልቀመጥ አልቀመጥ እያልኩ ሳቅማማ "ና ቁጭ በል" አለችኝ።

ዶክተሯ ግን አልማሩኝም። ስንወርድ በሩ ላይ ካሉት ሽማግሌ ፊት፣ ከልጄ ጋር ካልሆነ በቀር ሁለተኛ እዚህ ኮረብታ ላይ እንዳልታይ በግልጽ ነገሩኝ። የደረሰውን ሁሉ ጽፈው ለሚመለከተው አቀረቡ፤ ከሳምንታት በኋላ በማስጠንቀቂያ ታለፍኩ። ልጄን ለሁለተኛ ዲግሪ ወሰዷት።

በኖቬምበር ፍሬገነት ጥናቷን አሳትማ ጠርዛ ሱቅ መጣች። ገጽ ስልሳ አንድን ከፍታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችልኝ። እያንዳንዱን ቃል በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። "በድንጋዩ ላይ የደረሰ ጉዳት" ይላል ርዕሱ። ከሥሩ፦ "የታችኛው ግራ ጥግ ስብራት አዲስ ነው። የሰበረው ማናሴ ኩሲያ፣ የኮንሶ ተወላጅ፣ በሙያው ድንጋይ ካቢ።"

"ስሜን መተው አይቻልም ነበር?" አልኳት።

"አይቻልም፣ አባዬ። ማን እንደነካው ይጻፋል።"

ኤርጎጌ ከኋላችን ሆና እያነበበች ትስቅ ነበር። "ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በሰላም ኖረህ፣ በመጨረሻ በሰባሪነት ተመዘገብክ" አለችኝ። አልተቆጣሁም። ያን ገጽ ፎቶ ኮፒ አስደረግሁት።

ፌብሩዋሪ ላይ ወረቀቴን ላሳድስ ሄድኩ። ቅጹ ላይ ሥራ የሚል መስመር አለ። ሁልጊዜ ነጋዴ ብዬ ነበር የምሞላው። በዚህ ጊዜ ብዕሩን ይዤ ትንሽ ቆየሁና ድንጋይ ካቢ ብዬ ጻፍኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አነበበችው፣ እኔን አየችኝ፣ ደግማ አነበበችው።

"ከዚህ በፊት ነጋዴ ይላል" አለች። "የዚህ ሥራ ማስረጃ አለህ?"

"አለኝ" አልኩና ገጽ ስልሳ አንድን ከኪሴ አወጣሁላት።